ጓሳውን ማን ይዝጋልን?

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመከላከያ ወጪንና የወረዳን ድርሻ ይመለከታል

የተከበራችሁ የቋሚ ኮሚቴው አባላት፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከመሐል ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ የሚገነጠለውን መንገድ ይዞ፣ መዘዞንና ሞላሌን ተሻግሮ የሚመጣ እንግዳ እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያነሣው ወሬ የብርዱን ነው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሂሳብ አስተምሬ በቅርቡ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የበጀት አዋጅ በወጣ ቁጥር ጋዜጣ አፈላልጌ ቁጥሮቹን በደብተር እገለብጣለሁ። የሠፈሬ ሰዎች «ጋሼ፣ ደግሞ የመንግሥትን ብር መቁጠር ጀመሩ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እቆጥራለሁ፤ ግብሬ አለበት።

ስለ መከላከያ ወጪ ልጽፍ ስለሆነ አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ሠራዊት ምን ያደርጋል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። መንዝ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ብትፈልጉም አታገኙም። የሸዋ ነገሥታት ከዚህ ደጋ ተነሥተው ነው ወደ ደቡብ የወረዱት፤ ተከትሏቸው የወረደውም ጦር ከዚሁ ከገብስ ማሳ የወጣ ነው። ታናሽ ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. ዛላንበሳ ግንባር ዘምቶ እግሩ ውስጥ ፍንጣሪ ይዞ ተመልሷል። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት መዘዞና ሞላሌ ድረስ ሲመጣ ደግሞ ሠራዊት የሌለው አገር ምን እንደሚመስል ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አላስፈለገንም። በዚያ ሰሞን ቤት ያፈራው ሁሉ ወጥቷል። በሶ ተፈጭቷል፣ ዳቦ ቆሎ ተቆልቷል፣ በግ ተነድቷል። ያኔ ገና በሥራ ላይ ነበርኩና የአንድ ወር ደመወዜን ከፋፍዬ በየወሩ እያስቆረጥኩ ሰጥቻለሁ። አልተቆጨሁበትም።

እንግዲህ ደብተሬን ልግለጠው።

የ2014 የፌዴራል መንግሥት በጀት 561.7 ቢሊዮን ብር ነበር። ለመከላከያ መጀመሪያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ምክር ቤታችሁ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ሆነ። በ2015 ጠቅላላው በጀት 786.6 ቢሊዮን ሲደርስ የመከላከያው 84 ቢሊዮን ነበር። ያንን ጦርነት ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ በጸደቀው የ2016 በጀት ወደ 50 ቢሊዮን ወረደ፤ በ2017 ተመልሶ 65 ቢሊዮንን አለፈ። ስለዚህ ነገር የሚከራከር ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። አንዱ ወገን «ይህ ሁሉ ለጥይት!» ይላል፤ ሌላው «አገር ሲፈርስ ምን ትምህርት ቤት አለ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደየቤታቸው ይገባሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ያ መስመር አልነበረም፤ ከሱ በታች ያለው ነው።

ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በ2014 ዓ.ም. 204 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። በ2015 209፣ በ2016 214፣ በ2017 ደግሞ 223 ቢሊዮን ገደማ ሆነ። ጠቅላላው በጀት በእነዚህ ዓመታት ከ561.7 ወደ 971.2 ቢሊዮን ሲወጣ በ73 በመቶ አድጓል። ድጎማው ያደገው በ9 በመቶ ነው። የፌዴራሉ መደበኛ ወጪ ግን ከ162 ወደ 451 ቢሊዮን ደርሷል። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ዋጋ በዓመት እስከ 30 በመቶና ከዚያም በላይ ሲንር በነበረበት ዘመን ነው። ለተማሪዎቼ በማስረዳበት መንገድ ልናገረው፦ በ2014 መቶ ብር ይዞ ገበያ ይወጣ የነበረ ሰው በ2017 መቶ ዘጠኝ ብር ተሰጥቶት ወጣ፤ ገበያው ግን እጥፍ ገደማ ሆኖ ጠበቀው። ያ ሰው ወረዳ ነው።

በ2018 በጀቱ 1.93 ትሪሊዮን ሲደርስ ድጎማውም ወደ 315 ቢሊዮን ከፍ ብሏል። ይህን ያደረጋችሁትን አልክድም። ሆኖም ድርሻውን አሰልቼዋለሁ፤ በ2014 ከመቶ ብር 36 ብር የነበረው በ2018 ከመቶ ብር 16 ብር ሆኗል። ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተብሎ ለክልሎች የሚመደበው 14 ቢሊዮንማ ከ2015 እስከ 2018 ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህ መስመር ለምን እንደሚያሳስበኝ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይመስላል። ቢሆንም ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለሌላው አንባቢ ልናገር። መከላከያ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው፤ ወጪው በእናንተ ሠንጠረዥ ላይ በስሙ ተጽፎ ይታያል። የመሐል ሜዳ አስተማሪ ደመወዝ፣ የጤና ኬላዋ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የእርሻ ባለሙያው ግን በሠንጠረዡ ላይ የሉም። ከፌዴራል ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ በሚወርደው ጥቅል በጀት ሆድ ውስጥ ናቸው። የትምህርት ሚኒስቴር በጀት ይህን ያህል ነው ተብሎ ሲነገር አብዛኛው የዩኒቨርሲቲዎች ነው እንጂ የአንደኛ ክፍል ልጅ አይደለም። ስለዚህ ጠመንጃና ጠመኔ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም። ጠመኔው ሲያንስ ማንም «ቀነስኩ» ብሎ እጁን አያወጣም። ዝም ብሎ ያንሳል።

እንዴት እንደሚያንስ ልንገራችሁ። ጥቅል በጀቱ ወረዳ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ይሆናል። የቀረችው ሥራ ማስኬጃ ትባላለች። ወረቀትም፣ ነዳጅም፣ አበልም፣ ጥገናም ከሷ ነው። ድጎማው ዋጋ ሲያሳድደው መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት። ደመወዙ ይወጣል፤ ደመወዝተኛው የሚሠራበት ነገር ግን የለም። በመጨረሻዎቹ የማስተማር ዓመታቴ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፤ መጽሐፉ ግን ሳይመጣ ቀረ። አራት ልጆች አንድ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰው፣ አንዱ ገጽ ሲገልጥ ሌላው «ቆይ፣ አልጨረስኩም» እያለ ሲጨቃጨቁ ክፍለ ጊዜው ያልቅ ነበር። ፎቶ ኮፒ እንዳላደርግላቸው ቀለም የለም። ቀለም ስጠይቅ «ሥራ ማስኬጃ አልቋል» ይሉኛል፤ ወሩ ገና ጥር ነው።

ጤናውም እንዲሁ ነው። ጎረቤቴ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ናት፤ መዋጮዋን በየዓመቱ ሳታጓድል ትከፍላለች። ባለፈው ክረምት ልጇ ሳል ሲይዘው ካርዷን ይዛ ሄደች። ተመርምሮ ወረቀት ተጻፈላት፤ መድኃኒቱ ግን እዚያ የለም፣ «ከውጭ ግዢ» ተባለች። አንድ በግ ሸጣ ገዛች። የመንዝ በግ ጠጉሩ ባና ይሆናል፣ ቆዳው አጎዛ ይሆናል፣ ራሱ ደግሞ የክፉ ቀን ባንካችን ነው። ይህች ሴት መድን ገብታ እንደገና ከባንኳ አወጣች ማለት ነው። የታመመው ልጅ ዳነ፤ መድኑ ግን በእሷ ዘንድ ታመመ። ዘንድሮ አባልነቷን ልታድስ ስትል «ለምን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ምን ልበላት? ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ደግሞ አምቡላንሱ ቆሞ ነዳጅ ስለሌለው ዘመድ ብር ሲያዋጣ አይቻለሁ። ወንድሜ ያ ፍንጣሪ በብርድ ሲነሣበት የሚሰለፈውም በዚያው ወረፋ ነው። የትናንቱ ወታደር መሣሪያውን ካስረከበ በኋላ የሚወድቀው በወረዳው ሥራ ማስኬጃ ላይ ነው። መከላከያን ወድዶ ወረዳን መርሳት ይህን ሰው ሁለት ጊዜ ማዝመት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጓሳ ልውሰዳችሁ። ከመሐል ሜዳ ብዙ አይርቅም። ሰው ዛሬ የሚያውቀው በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ነው፤ ከውጭ አገር ሳይቀር ሊያዩት ይመጣሉ። ለእኛ ግን ጓሳ ሣር ነበር። የቤት ክዳን ከሱ ነው፤ ገመዱም፣ ለዝናብ የሚለበሰው ጌሳም ከሱ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አያቶቻችን ይህን መሬት ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። አስቦና ጌራ የሚባሉት አባቶች ተወላጆች ከየወገናቸው ኃላፊ ይመርጣሉ። ጓሳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በአዋጅ ይከፈታል። ያለጊዜው ያጨደ ይቀጣል። ድርቅ ሲመጣና ከብት የሚገባበት ሲያጣ ጓሳው መጠጊያ ነበር። ዋናው ነገር፣ የሚዘጋውም የሚከፍተውም የታወቀ መሆኑ ነው። አንድ ጉልበተኛ ሌሊት ገብቶ አጭዶ ቢወጣ ጠዋት ሁሉም ሰው የማንን ድርሻ እንዳጨደ ያውቃል።

ይህ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ጓሳው የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነ። ጥበቃው እንደገና በማኅበረሰቡ እጅ እስኪገባ ድረስ ብዙ ተጎዳ። በደብተሬ ላይ የድጎማውን መስመር ሳይ የማስበው ያንን ዘመን ነው። መከላከያ አዋጅ የሚያስነግርለት ጠባቂ አለው፤ ዕዳም አበዳሪው ይጠብቀዋል። የወረዳን ድርሻ ግን የሚዘጋለት የለም። ማንም አልዘረፈውም፤ ግን በየዓመቱ ከዳር ከዳር ይታጨዳል።

አገራችን የጦርን ወጪ ማን ይሸከም የሚለውን ጥያቄ ስትጠየቅ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በድሮ ጊዜ ወታደር በገበሬ ቤት ያድር ነበር፤ ማን ይቀልበው የሚለው ክርክር የገበሬውና የወታደሩ ብቻ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራት የደነገጉት ወታደሩ በየገበሬው ደጅ እየሄደ ከመብላት ወጥቶ ከጎተራ እንዲቀለብ ነው። እሱም ሸክም ነበር፤ ቢሆንም ልኩ የታወቀ ሸክም ነበር። ከዚያ በ1940 ዓ.ም. አጼ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ግብር አወጁ፤ በ1951 የጤና ግብር ተከተለ። ሁለቱም በመሬት ላይ የሚከፈሉ ነበሩ። አባቴ የመሬት ግብር ሲከፍል ደረሰኙ ላይ «ትምህርት» የሚል ቃል ያይ ነበር፤ ማንበብ ስለማይችል እኔ እንዳነብለት ያደርግ ነበር። ያ ግብር ፍትሐዊ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ከደሃው ይልቅ ለጭቃ ሹሙ ብዙ ይቀልለው ነበር። ግን ገበሬው ምን ላይ እንደከፈለ ያውቅ ነበር። ደርግ ሲመጣ «ሁሉ ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ፤ ሁሉም ሄደ። የ1977ቱ ረሃብ ሲደርስ እዚህ ደጋ ላይ ምን እንደቀረን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ለራሴ ክርክር መልስ ልስጥ፤ ያለዚያ አታምኑኝም። የወረዳን ድርሻ የበላው መከላከያ ብቻ አይደለም። በ2017 ለዕዳ ክፍያ የተያዘው 139 ቢሊዮን ብር ነው፤ ከመከላከያው እጥፍ በላይ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አስፈልጎ ነበር፤ ውስጡም ለደመወዝ ማሻሻያ፣ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ድጎማ ነበረበት። ይህን ሳልናገር «ጦሩ በላው» ብዬ ብጽፍ ለተማሪ የማልሰጠውን ነጥብ ለራሴ መስጠት ይሆንብኛል። ሌላም አለ። ክልላችን ከ2015 ሐምሌ ጀምሮ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። በ2017 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ክልሉ ሊመዘግብ ካሰበው 7 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ከግማሽ በላዩ አልተመዘገበም። ለወረዳ ብር ቢጨመር መንገድ በተዘጋበትና ጥይት በሚሰማበት ቀበሌ ትምህርት ቤት አይከፍትም። ያንን የሚከፍተው ንግግር ነው። ንግግር ደግሞ ከሁሉም የበጀት መስመር የረከሰው ነው፤ ለምን በመጨረሻ እንደሚታሰብ አልገባኝም።

«ኮስታ ሪካ እኮ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ጦር ትኖራለች» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። እንኳን ደስ ያላት። በአፍሪካ ቀንድ ላይ ያንን የሚመክር ሰው ካለ ካርታ አላየም ማለት ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው የሠራዊቱ ስንቅ እንዲጎድል አይደለም። ጓሳው እንዲዘጋልን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት ይመድባል ይላል። እየጨመረ የሚለው ቃል በሂሳብ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁኝ፤ ዋጋ በ30 በመቶ ሲጨምር በ2 በመቶ መጨመር መቀነስ ነው። ስለዚህ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ቢያንስ ዋጋ ባደገበት ልክ ሳያድግ ሌላው መስመር እንዳይከፈት ኮሚቴያችሁ ደንብ ያውጣለት። ድንገት አደጋ ቢመጣ፣ ተጨማሪ በጀት ቢጠየቅ፣ አትከልክሉ፤ ድርቅ ሲመጣ ጓሳም ይከፈት ነበር። ግን ሚኒስትሩ ሲጠይቁ «በዚህ ብር ምክንያት በወረዳ ደረጃ ይህ ይህ ይቀራል» የሚል ወረቀት አብረው ያቅርቡ። ወረቀቱ በአደባባይ ይነበብ። 90 ቢሊዮን በጸደቀበት በዚያ የጥር ወር የሞላሌ ሰው ቢጠየቅ እሺ ይል ነበር፤ አልተጠየቀም እንጂ።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በ2016 የመከላከያ በጀት ከ84 ወደ 50 ቢሊዮን ሲወርድ ሰላም 34 ቢሊዮን ብር አስተረፈ ማለት ነበር። በዚያ ዓመት የክልሎች ድጎማ የጨመረው ከ5 ቢሊዮን ባነሰ ነው፤ የፌዴራሉ መደበኛ ወጪ ግን ከ345 ወደ 370 ቢሊዮን ገደማ ሄደ። ጦርነቱ ሲመጣ በሶ የፈጨው ገበሬ ሰላም ሲመጣ ከትርፉ አልደረሰውም። ወደፊት የመከላከያ ወጪ በቀነሰ ቁጥር ከተረፈው ግማሹ በቀጥታ ለወረዳ ሥራ ማስኬጃ እንዲወርድ በሕግ ብታስሩት፣ ሰላም ምን እንደሚሰጥ እናቶች በጤና ጣቢያ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ያዩታል። ከየትኛውም የሰላም ጉባኤ የሚበልጥ ስብከት ይመስለኛል።

መልሳችሁን በደብዳቤ አልጠብቅም፤ እዚህ ድረስ ፖስታ መቼ እንደሚደርስ አውቀዋለሁ። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ለምክር ቤቱ ሲቀርብ እኔና የሠፈሬ ጡረተኞች መብራት ካለ በቴሌቪዥን፣ ከሌለ በሬዲዮ እንከታተላለን። ደብተሩ ተገዝቷል። መጀመሪያ የምንጽፈው መስመር «ለክልሎች የሚሰጥ ድጎማ» የሚለውን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የሂሳብ መምህር
መሐል ሜዳ፣ መንዝ